ኮድ፣ ነጋሪት፣ ሰበር፦ ሕግ ላይብረሪ ዴስክ ላይ በየቀኑ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ። የሕግ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ሪፈረንስ ዴስክ ላይ ነው የምሠራው፣ ከዛ በፊት ደግሞ እኔም ሕግ ተማሪ ነበርኩ። ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ፍሬሹም ጂሲውም (ተመራቂውም) የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። የመክፈቻ ሰዓት፣ ስንት መጽሐፍ ለስንት ቀን ይወሰዳል የሚለው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ እሱን በር ላይ ከተለጠፈው እዩ። እዚህ በሰፊው የምጽፈው ሰው በብዛት ስለሚሳሳትበት ነገር ነው፣ ማለትም የሚሠራበትን ትክክለኛ ሕግ ፈልጎ ስለማግኘት።

ኮድ ተውሼ ዶርም ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ብዙ ቦታ አይቻልም። ኮዶች (እንደ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያሉት ትልልቆቹ ሕጎች)፣ የነጋሪት ጋዜጣ (ሕግ የሚታተምበት የመንግሥት ጋዜጣ) ጥራዞች፣ የሰበር (የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች) ቅጾች ሪፈረንስ ናቸው፣ እዛው ተነበው እዛው ይመለሳሉ። ኮፒያቸው ትንሽ የሆኑት ቴክስት ቡኮች ደግሞ ሪዘርቭ ይገባሉ፣ መታወቂያ አስይዛችሁ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የምትጠቀሙት። እባካችሁ ይሄን እንደ ክልከላ አትዩት። አንዳንዱ መጽሐፍ በንጉሡ ጊዜ የታተመ ነው፣ ጀርባው በፕላስተር ተይዞ ገጹ ቢጫ ሆኖ እስከዛሬ የሚያገለግል፣ ከውል ውጪ ኃላፊነት ስትማሩ የምትፈልጉት የክርዘቹኖቪች መጽሐፍ ለምሳሌ እንደዛ ነው፣ አንድ ሰው ይዞት ከጠፋ ባቹ በሙሉ ይጎዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ገጽ መቅደድ ነው። አንድ ጊዜ ፍትሐ ብሔር ሕጉን ስንገልጠው ከቁጥር 826 የሚጀምረው የውርስ ክፍል በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል፣ ጠርዙ ላይ የቀረው ወረቀት እንደ ክር ተሰልፏል። ፈተናው የነበረው በዛው ሳምንት ነው። ገንዘብ አጥታችሁ ኮፒ ማድረግ ካልቻላችሁ ኑና ንገሩኝ፣ በስልካችሁ ፎቶ ታነሱታላችሁ ወይ ሌላ መላ እንፈልጋለን፣ ምላጭ ግን በፍጹም።

መጽሐፉን ሼልፍ ላይ እንዴት ነው የማገኘው?

ካታሎጉ ላይ ኮል ነምበሩን (መጽሐፉ ሼልፍ ላይ ያለበትን ቦታ የሚነግረውን መለያ) ጻፉና ሂዱ። በላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ አመዳደብ በሚሠራ ላይብረሪ ሕግ በሙሉ በኬ ነው የሚጀምረው፣ የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ኬ አር ፒ ሥር ነው ያለው፣ በዲዊ (ሌላው የመጻሕፍት አመዳደብ) ከሆነ ሕግ 340 ላይ ይጀምራል። ስታነቡ የቆያችሁትን ግን ራሳችሁ ሼልፍ ላይ አትመልሱት ጠረጴዛው ላይ ተዉት፣ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ የጠፋ ማለት ነው።

አዋጅ ቁጥሩን ይዤ ፈልጌ ሌላ ሕግ አገኘሁ፣ ለምን?

ይሄ ጥያቄ ሳይመጣ የሚውልበት ቀን የለም። አንድ ሰው መጥቶ «አዋጅ ቁጥር 1ን ስጠኝ» ቢለኝ የቱን አዋጅ 1 ነው የምለው፣ ምክንያቱም መንግሥት በተቀየረ ቁጥር የአዋጅ ቁጥር እንደገና ከ1 ነው የጀመረው። ደርግ በመስከረም 1967 ሥልጣን ሲይዝ ከ1 ጀመረ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲመጣ እንደገና፣ የዛሬው ኢፌዴሪ ሲመጣ እንደገና። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ዓመቱ የግድ ነው።

ዓመቱ ራሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ አማርኛው በኛ አቆጣጠር ነው እንግሊዝኛው በፈረንጅ። አሁን «አዋጅ ቁጥር 1/1987» የሚለውን ውሰዱ። በአማርኛ ከተጻፈ ዛሬ የምንተዳደርበት የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ነው። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ያንኑ 1/1987 ካገኛችሁት ግን የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ሊሆን ይችላል! ሁለት ሕገ መንግሥት፣ ቁጥሩ አንድ፣ ዓመቱ ሲያዩት አንድ። ቴሲስ ላይ ይሄን ደባልቆ የጻፈ ተማሪ አይቻለሁ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ የነገረው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ታዲያ 1156/2011 ነው ወይስ 1156/2019?

ሁለቱም ያው አንዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። አማርኛ ስትጽፉ 2011፣ እንግሊዝኛ ስትጽፉ 2019። «ስምንት ቀንስ» የሚለው ሒሳብ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የወጣ ሕግ ከሆነ ልዩነቱ ሰባት ነው። ፍትሐ ብሔር ሕጉ 1952 ነው በፈረንጅ 1960፣ እዚህ ስምንት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን በመስከረም 1958 የወጣ ስለሆነ በፈረንጅ 1965 ነው፣ እዚህ ሰባት፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓቱም 1954 እና 1961 እንደዛው። አሳይመንት ላይ ፉትኖታችሁ ግማሹ በዚህ ግማሹ በዛ አቆጣጠር ከሆነ አራሚው ምን እንደፈለጋችሁ አያውቅም።

የጋዜጣው ራስጌ ላይ ያለው «ዓመት» ደግሞ ሌላ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1934 ነው፣ ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ በ1987 ሲመሠረት ደግሞ እንደገና አንደኛ ዓመት ብሎ ጀመረ። ስለዚህ «1ኛ ዓመት» የሚል ጥራዝ ሼልፍ ላይ ሁለት ቦታ ታገኛላችሁ። በአማርኛው በኩል የሚጻፈው በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ ከ፩ እስከ ፻ ማንበብ ልመዱ፣ አንድ ከሰዓት አይፈጅም።

ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አለኝ፣ እሱ አይበቃም?

ሊበቃ ይችላል፣ ግን ሳታረጋግጡ አትጠቀሙበት። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። ተማሪ ሆኜ ሌጋል ክሊኒክ (ተማሪዎች በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡበት ቢሮ) ላይ ተመድቤ አንዲት እርጉዝ ሴት መጣች፣ አሠሪዋ የወሊድ ፈቃድ ስንት ቀን እንደሚሰጣት ሊነግራት ስላልፈለገ ነው የመጣችው። እኔ ስልኬ ላይ ያለውን ፒዲኤፍ ከፍቼ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 60 ቀን፣ በድምሩ 90 ብዬ በልበ ሙሉነት ነገርኳት። ጻፈችው፣ አመስግናኝ ሄደች። ስልኬ ላይ የነበረው የድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ነበር፣ እሱ ግን በ1156/2011 ተሽሯል፣ በአዲሱ ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ስለሆነ ድምሩ 120 ነው። ሱፐርቫይዘራችን ማታ ላይ ፎርሙን ሲያነብ አይቶት እዛው ደወልንላት። ባያየውስ? ከልጇ ጋር የምታሳልፈውን አንድ ወር እኔ ነበርኩ የምወስድባት። ከዛን ቀን ጀምሮ ነው ላይብረሪን እንደ ቁም ነገር ማየት የጀመርኩት።

ስለዚህ የትኛውንም ፒዲኤፍ ከመጠቀማችሁ በፊት እነዚህን እዩ። መጀመሪያ ራስጌው፣ የነጋሪት ጋዜጣ ዓመት፣ ቁጥርና ቀን አለው ወይ? የአዋጅ ቁጥሩ ቦታ ነጠብጣብ ወይም ባዶ ከሆነ የያዛችሁት ረቂቅ ነው፣ ረቂቅ ደግሞ ሕግ አይደለም፣ ምክር ቤት ገብቶ ስንት ነገር ሊቀየርበት ይችላል። ቀጥሎ መጨረሻው፣ «የተሻሩ ሕጎች» የሚለው አንቀጽ የትኛውን እንደሻረ ይነግራችኋል፣ የ1156ቱን ብታዩት 377/1996ን ከነማሻሻያዎቹ 466/1997፣ 494/1998 እና 632/2001 ነው የሻረው። በመጨረሻ ከዛ በኋላ ማሻሻያ ወጥቶለት እንደሆነ ጠይቁ፣ እሱን እኔን መጠየቅ ትችላላችሁ ለዛ ነው የተቀመጥኩት። የተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ አዋጆች ይለቀቃሉ፣ የታተመውን ሀርድ ኮፒ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ መግዛት ይቻላል።

አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያይ የቱን ልያዝ?

አማርኛውን። ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ 3/1987 ልዩነት ሲኖር አማርኛው ይገዛል ይላል፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 106 ላይ ለራሱ ያንኑ ነው የሚለው። የድሮዎቹ ኮዶች ላይ ነገሩ ከበድ ይላል፣ ፍትሐ ብሔሩን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፣ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የተረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው፣ ስለዚህ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ትርጉም ነው። አስተማሪያችሁ አንዳንዴ ፈረንሳይኛውን የሚጠቅሰው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር፣ ክላስ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፍርድ ቤት ስንወጣ ደግሞ ፌደራሉ የሚሠራው በአማርኛ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ካውንተርክሌም ካውንተርክሌም ሲል ኖሮ ኤክስተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) ሲወጣ ዳኛዋ ያንኑ በአማርኛ «የተከሳሽ ከሳሽነት አቅርበዋል?» ስትለው የሚደነግጥ ልጅ ብዙ ነው። ጋዜጣው ሁለት ዓምድ ነው፣ በአንድ በኩል አማርኛ በሌላው እንግሊዝኛ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አንብቡ። ይርጋ፣ እግድ፣ ያለአግባብ መበልጸግ፣ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ፣ እነዚህን እዛው ኖት ላይ እያወጣችሁ ሂዱ።

አዲስ ንግድ ሕግ ወጥቷል፣ አሮጌውን ለምን አታነሱትም?

ምክንያቱም አልሞተም። አዋጅ 1243/2013 የተካው የ1952ቱን ንግድ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፍ ነው፣ ማለትም ነጋዴና የንግድ መደብር፣ የንግድ ማህበራት፣ ኪሳራ። ሦስተኛው መጽሐፍ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ አራተኛው ስለ ሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ባንክ የሚለው አሁንም ከ1952ቱ ላይ ነው የሚነበበው። ስለ ቼክ ልትጽፉ አዲሱን ኮድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታገላብጡ አታገኙትም። አዲሱ ላይ ደግሞ ድሮ ያልነበረ ነገር አለ፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ማቋቋም ይችላል፣ ስለዚህ የድሮ ሃንድአውት ይዛችሁ ለኩባንያ ሕግ ፈተና እንዳትገቡ።

ሙሉ በሙሉ የተሻረውንም ቢሆን አንጥልም። የወንጀል ሕጉ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ነው የ1949ኙን የተካው፣ ግን ከዛ በፊት የተፈጸመ ነገር ላይ ክርክር ካለ አሮጌው ይገለጣል።

የሰበር ውሳኔ እንዴት ልፈልግ?

ሁለት ነገር ያዙ፣ የሰበር መዝገብ ቁጥርና ቅጽ። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎቹን በቅጽ በቅጽ ያሳትማል፣ አሁን ቅጾቹ ከ20 አልፈዋል፣ ፊት ለፊታቸው ላይ በርዕስ የተከፋፈለ ማውጫ አለ፣ ውል፣ ቤተሰብ፣ ሥራ ክርክር እያለ፣ ብዙ ተማሪ ማውጫውን ዘሎ ነው ገጽ በገጽ የሚያገላብጠው። ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌደራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ የተደረገው በአዋጅ 454/1997 ነው፣ አሁን ቦታውን የያዘው የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 ነው።

አንድ ውሳኔ ስላገኛችሁ ብቻ ግን አትቁሙ። ሰበር የራሱን የቀድሞ ትርጉም ሊለውጥ ይችላል፣ ስለዚህ በዛው ርዕስ ከኋላ የመጡትን ቅጾች እዩ። ደግሞ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን ማጠቃለያ ብቻ አንብባችሁ እንዳትጠቅሱ፣ ፍሬ ነገሩን ካላያችሁ ያ ትርጉም ለናንተ ኬዝ ይሥራ አይሥራ አታውቁም።

መመሪያ የት ነው የሚገኘው? ነጋሪት ላይ አጣሁት።

መመሪያ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያወጣው ዝርዝር ሕግ፣ ነጋሪት ላይ ስለማይወጣ ነው። ድሮ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ መለመን ነበር፣ በሱ ምክንያት ቴሲሱን ርዕስ የቀየረ ሁሉ አለ። የፌደራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ከወጣ በኋላ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ መመዝገብና በድረ ገጽ መለቀቅ አለበት፣ ምዝገባው ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነበር አሁን ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚኒስቴሩን ድረ ገጽ ፈልጉ። በኔ እይታ ለሕግ ተማሪ ከቅርብ ዓመታት ሕጎች ሁሉ ይሄ አዋጅ ትልቁ ዜና ነው።

የክልል ሕግስ?

እያንዳንዱ ክልል የራሱ ጋዜጣ አለው፣ የአማራ ዝክረ ሕግ ይባላል፣ የኦሮሚያ መገለታ ኦሮሚያ። የቤተሰብ ጉዳይ የምትሠሩ ከሆነ የፌደራሉ 213/1992 ለሁሉም ቦታ እንዳይመስላችሁ፣ የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ያወጡ ክልሎች አሉ። የክልል ጋዜጣ ስብስባችን ክፍተት ስላለው እረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ ያገኛችሁትን እትም ብታመጡልን ውለታ ነው።

ሙሉ መጽሐፍ ፎቶኮፒ ማድረግ ይቻላል?

ሕጉን ራሱን እንደፈለጋችሁ፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ጥበቃ የለውም። የሰው መጽሐፍ ግን ሌላ ነው፣ ለጥናታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ምዕራፍ አንድ ኮፒ ብታደርጉ እሺ፣ ሙሉውን አባዝቶ በር ላይ መሸጥ ግን ደራሲውን መዝረፍ ነው፣ ደራሲው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳችሁ አስተማሪ ነው።

ማየት የተሳነኝ ተማሪ ነኝ፣ ምን አገልግሎት አለ?

ይሄን ጥያቄ በተመለከተ ሁሉም ተማሪ ቢያነበው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ማየት የተሳናቸው ልጆች ብዙ ናቸው፣ እየተቸገሩም ነው የሚማሩት። ስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ያለው ኮምፒውተር ካለ ቅድሚያ የናንተ ነው። ዋናው ችግር ግን ማሽኑ አይደለም ፋይሉ ነው፣ አብዛኛው የነጋሪት ፒዲኤፍ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው፣ ስክሪን ሪደሩ ሲከፍተው ዝም ይላል፣ አንድም ፊደል አያነብም። ስለዚህ ኮዶቹን በወርድ የተተየቡ ኮፒዎች ለብቻ በፎልደር እያጠራቀምን ነው፣ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። በድምፅ የምታነቡ በጎ ፈቃደኞች ካላችሁ ደግሞ ተመዝገቡ፣ ስታነቡ የአንቀጽ ቁጥሩን ከነንዑስ አንቀጹ ጥሩ፣ «ከዚህ በላይ ባለው» ብሎ ማለፍ ለሚሰማው ሰው ምንም አይጠቅምም። ኢትዮጵያ የማራኬሽን ስምምነት በ2013 ተቀላቅላለች፣ መጽሐፍን ማየት ለተሳነው ሰው በሚሆን መልክ ማዘጋጀት ሕጋዊ መሠረት ያለው ሥራ ነው፣ ልመና አይደለም።

ኦንላይን ምን አለ?

ጎአሊ የሚባለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2010 በኛ አቆጣጠር ያስጀመረው የሕግ ጆርናሎችና መጻሕፍት ስብስብ ነው፣ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በነፃ ወይ በትንሽ ክፍያ ይሰጣል፣ መግቢያው በተቋም ስለሆነ ዩኒቨርሲቲያችሁ ተመዝግቦ እንደሆነ ላይብረሪ ጠይቁ። ከአገር ውስጥ ደግሞ በፈረንጅ 1964 የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት አለ፣ የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ሚዛን ሎው ሪቪው በነፃ ኢንተርኔት ላይ ይነበባል፣ ሐሮማያ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር የራሳቸው አላቸው። አቢሲኒያ ሎው የሚባለው ድረ ገጽም ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ያገኛችሁትን ግን ከጋዜጣው ጋር አመሳክሩ።

ለኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ምን ላንብብ?

ሌሎቹ ዲፓርትመንቶች በ2015 ነው የጀመሩት፣ እኛ ሕጎች ከዛ በፊትም ስንፈተን ኖረናል። ሾርት ኖት ብቻ ይዞ የሚገባ ልጅ አዲስ በተቀየሩት ሕጎች ላይ ይወድቃል፣ እላይ ያልኳቸውን 1156፣ 1234፣ 1243 እና 1183ን ከነጋሪቱ ላይ ራሱ አንብቡ።

ተማሪ አይደለሁም፣ ውጭ አገር ነኝ፣ የድሮ ነጋሪት ማግኘት እችላለሁ?

በዘመድ በኩል የሚጠይቁን ብዙ ናቸው፣ አብዛኛው ስለ ቤት ነው፣ አዋጅ 47/67ን ይፈልጋሉ፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበትን። አንድ አባት የካርታ ፎቶኮፒ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጥተው ቆመው ያነበቡትን አልረሳም፣ ወንበር ስጠቁማቸው እንኳን አልሰሙኝም። ከውጭ ለሚመጣ ሰው የመግቢያ ደብዳቤ የሚጠይቅ ላይብረሪ ስላለ አስቀድሞ መደወል ይሻላል። ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ እዛው የኮንግረስ ሕግ ላይብረሪ ውስጥ ነጋሪት ጋዜጣ አለ። ሕጉን እንሰጣችኋለን፣ «ቤቴ ይመለስልኛል ወይ» ለሚለው ግን መልስ መስጠት ያለበት ጠበቃ ነው፣ ላይብረሪያን ገምቶ ቢነግራችሁ ይጎዳችኋል።

ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት) ለመጨረስ ምን ያስፈልጋል?

በስማችሁ ያለ መጽሐፍ መመለስ፣ ቅጣት ካለ መክፈል። የጠፋባችሁ ከሆነ አትደበቁ፣ በጊዜ ኑና እንነጋገር፣ ተመሳሳዩን ገዝቶ መተካት ብዙ ቦታ ይቻላል። ምርቃት ሁለት ቀን ሲቀረው ሰልፉ እስከ ደረጃው ስለሚደርስ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ኑ፣ ጠዋት ላይ ይሻላል።